ከብራውዘር ወደ ሜሞሪ፦ ራስትን ለሚጀምር የፍሮንት-ኢንድ ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። ይህ ንግግር ጃቫስክሪፕትና ታይፕስክሪፕት በየዕለቱ ለሚጽፉ፣ ሪአክትን ወይም ቪውን ለለመዱ፣ አሁን ደግሞ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ በቅርብ የሚይዝ አንድ የሲስተም ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር ላሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የመረጥነው ቋንቋ ራስት ነው። ሲ ወይም ዚግ ቢሆንም ይቻል ነበር፤ ራስት ግን ለእናንተ ሙያ ይቀርባል። ኔክስት ጄኤስ ኮዳችሁን የሚቀይርበት ኤስደብሊውሲ፣ ባዮም፣ አርኤስፓክ፣ ላይትኒንግ ሲኤስኤስ ሁሉም በራስት የተጻፉ ናቸው። የምትሠሩበት መሣሪያ ሲያስቸግራችሁ ምንጭ ኮዱን ከፍታችሁ ማንበብ መቻላችሁ ብቻውን ለመማር በቂ ምክንያት ነው።

ታሪኩ ላይ ብዙ አንቆይም። ግሬይደን ሆር እ.ኤ.አ. በ2006 በግሉ ጀመረው፣ ሞዚላ በ2009 ደገፈው፣ 1.0 የተባለው ዕትም በሜይ 2015 ወጣ። በዲሴምበር 2022 ከወጣው የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) 6.1 ዕትም ጀምሮ ደግሞ ከርነሉ ውስጥ ገብቷል። እዚህ ያደረሰውን ምክንያት ማወቅ ግን ይጠቅማል። ማይክሮሶፍት በ2019 በየዓመቱ ከሚደፍናቸው የደኅንነት ቀዳዳዎች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ ስሕተት የሚመጡ መሆናቸውን ገለጸ። በዓመቱ የክሮም ቡድን ስለ ከባድ የደኅንነት ስሕተቶቹ ተመሳሳይ ቁጥር አወጣ። ራስት የተሠራው እንዲህ ያለው ስሕተት ተጠቃሚው ዘንድ ሳይደርስ፣ ገና ኮዱ ሲጠናቀር (ወደሚሮጥ ፕሮግራም ሲቀየር) እንዲያዝ ነው።

ከጃቫስክሪፕት ለሚመጣ ሰው የራስት አጻጻፍ አይከብደውም። ጠመዝማዛ ቅንፉም፣ ክሎዠሩም፣ ማፕና ፊልተሩም የሚያውቃቸው ናቸው። ከባዱ ነገር አንድ ነው፦ ይህ ዳታ የማን ነው? እስከ መቼስ ይቆያል? ብራውዘር ውስጥ ይህን ጥያቄ የማያስፈልገውን ሜሞሪ በራሱ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር ይመልስላችሁ ስለነበር አስባችሁት አታውቁ ይሆናል። ራስት ጋርቤጅ ኮሌክተር የለውም። መልሱን እናንተ በኮዱ ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ ኮዱን የሚያጠናቅረው ኮምፓይለር ደግሞ ይመረምረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ይህን ጥያቄ ቶሎ ቶሎ የሚያነሣ ቢሆን ይመረጣል።

ብዙ የፍሮንት-ኢንድ ሰዎች በቀጥታ ወደ ዌብአሴምብሊ (እንደ ራስት ያለ ቋንቋ ብራውዘር ውስጥ ወደሚሮጥበት መልክ) ይሮጣሉ፣ ብራውዘሩን ስለሚያውቁት። እኛ አንመክርም። ቋንቋው አዲስ፣ በጃቫስክሪፕትና በዌብአሴምብሊ መካከል ያለው ድንበርም አዲስ ሲሆን ስሕተቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። መጀመሪያ ተርሚናል ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ይሻላል። ዛሬ ይዘን የምንሄደው ሥራ ይህ ነው፦ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ፋይል ያነባል፣ ቃላቱን ይለያል፣ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ን እንደ አንድ ቃል ይይዛል። ከ100 መስመር አይበልጥም፤ የቋንቋው ዋና ዋና ነገር ግን ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገጥማችኋል።

ስለ ዝግጅቱ በአጭሩ። የሚጫነው ራስታፕ ነው፤ ኮምፓይለሩን፣ ካርጎን፣ ኮድ መርማሪውን ክሊፒንና ፎርማተሩን አንድ ላይ ያመጣል። ካርጎ የኤንፒኤምን ቦታ ይይዛል፣ ከዚያም አልፎ ኮዱን የሚያጠናቅረውና ቴስቱን የሚያስኬደው እሱ ነው። ኤዲተራችሁ ቪኤስ ኮድ ከሆነ የራስት-አናላይዘርን ኤክስቴንሽን ጨምሩ። ኡቡንቱ ላይ «ሊንከር ሲሲ ኖት ፋውንድ» የሚል መልእክት ከመጣ የጎደለው የሲ መሣሪያ ነው፤ ቢልድ-ኢሴንሻል የተባለውን ጥቅል መጫን ይፈታዋል። ዊንዶውስ ላይ የቪዥዋል ስቱዲዮ ሲ ፕላስ ፕላስ ቢልድ ቱልስ ያስፈልጋል፣ እሱም በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አስቀድሞ ማውረድ ነው። ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥበት ሰው ደስ የሚል ነገር አለ፦ «ራስታፕ ዶክ» ብላችሁ ስትጽፉ ዋናው መማሪያና የስታንዳርድ ላይብረሪው ማብራሪያ በሙሉ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ይከፈታል። «ካርጎ ፌች» የፕሮጀክቱን ጥገኛ ላይብረሪዎች አስቀድሞ ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ «ኦፍላይን» የሚለውን ምርጫ ጨምራችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ታርጌት የሚባለው ፎልደር ቀስ በቀስ ጊጋባይቶች ይበላል፤ «ካርጎ ክሊን» ያጸዳዋል።

ስትሠሩ በየደቂቃው የምታስኬዱት «ካርጎ ቼክ» ይሁን። የመጨረሻውን ፕሮግራም ሳይሠራ ስሕተቱን ብቻ ስለሚያይ ፈጣን ነው። ስሕተት ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ ወደ ፍለጋ መሮጥ ከጃቫስክሪፕት ይዘናት የምንመጣት ልማድ ናት፤ እዚህ መተው አለባት። የራስት ኮምፓይለር የሚያወጣው መልእክት ረጅም የሆነው ሦስት ነገር ስለሚናገር ነው፦ ዳታው የት እንደተያዘ፣ የት እንደተለቀቀ፣ እናንተ የት ልትነኩት እንደሞከራችሁ። ከታች «ኸልፕ» ብሎ የሚጽፈው ሐሳብም አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። የስሕተቱን ቁጥር ይዛችሁ «ራስትሲ ኤክስፕሌን» ብትሉ ከነምሳሌው ያብራራላችኋል፣ ይህም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ፋይሉን ከማንበብ እንጀምር። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ፋይሉ ከሌለ ኤክሴፕሽን ይወረወራል፣ የሚይዘው ከሌለ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ራስት ውስጥ የማንበቢያው ፋንክሽን የሚመልሰው ሪዘልት ነው፤ ውስጡ ወይ ጽሑፉ አለ፣ ወይ ስሕተቱ። ሁለቱን ሳትለዩ ጽሑፉን ማግኘት አትችሉም። ታይፕስክሪፕት ውስጥ ታግ ያለው ዩኒየን ጽፋችሁ በስዊች የምትለዩ ከሆነ ይህ የምታውቁት ነገር ነው፤ ራስት ኢነም ይለዋል፣ በማች ይለየዋል፣ አንዱን አማራጭ ከዘለላችሁ ግን አያጠናቅርላችሁም። ነልና አንዲፋይንድም የሉም። ሊኖር ወይም ላይኖር የሚችል ነገር ኦፕሽን ይባላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም በ«አንራፕ» መክፈት ይቻላል፣ ባይኖር ፕሮግራሙ ይቆማል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስሕተቱን ወደ ጠራው ፋንክሽን በሚያሳልፈው በጥያቄ ምልክቱ መተካት መጀመር አለበት። ይህን የምታዘገዩት ከሆነ አንራፕ እንደ ታይፕስክሪፕቱ «ኤኒ» ኮዱን ሁሉ ይወርሰዋል።

ንባቡ ራሱ ሁለት ቦታ ይሰናከላል። ራስት ስትሪንግ ውስጥ የሚያስቀምጠው ዩቲኤፍ-8 ብቻ ነው። ፋይሉ ኖትፓድ ላይ በዩቲኤፍ-16 የተቀመጠ ከሆነ ንባቡ «ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 አይደለም» ብሎ ይመለሳል። ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ የማይታይ ምልክት) ያለው ከሆነ ደግሞ ይነበባል፤ ግን የማይታየው ምልክት የመጀመሪያው ቃል ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ያ ቃልም ከመሰሎቹ ተለይቶ ለብቻው ይቆጠራል። ቆጠራው በአንድ ሲጎድል የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፤ ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች በጣም የሚያስተምረው ቦታ ይህ ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ «ሰላም» ርዝመቱ 3 ነው። ራስት ውስጥ ያንኑ ቃል «ሌን» ብላችሁ ብትጠይቁ 9 ይላችኋል። ጃቫስክሪፕት የሚቆጥረው የዩቲኤፍ-16 ክፍሎችን ነው፣ የተለመዱት ፊደሎቻችን እያንዳንዳቸው በአንድ ክፍል ይገባሉ። ራስት የሚቆጥረው ባይት ነው፣ እነዚሁ ፊደሎች በዩቲኤፍ-8 ሦስት ሦስት ባይት ይይዛሉ። የፊደሉን ብዛት ከፈለጋችሁ «ካርስ» ብላችሁ ዘርዝራችሁ መቁጠር ነው።

ከቃሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ልውሰድ ብላችሁ ከዜሮ እስከ ሦስት ብትቆርጡ የሚመጣው «ሰላም» ሳይሆን «ሰ» ብቻ ነው። ከዜሮ እስከ ሁለት ብትቆርጡ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ መልእክቱም ባይት 2 የፊደል ወሰን እንዳልሆነ፣ ከዜሮ እስከ ሦስት ባለው በ«ሰ» ውስጥ እንደሚገኝ ይነግራችኋል። ይህ ስሕተት በእንግሊዝኛ ቃል ቢሞከር አይገኝም፤ እንግሊዝኛው አንድ ፊደል አንድ ባይት ነውና ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ የምትጽፉትን ቴስት ሁሉ በአማርኛ ቃል ጻፉት። በዚያው ልክ፣ የሌሎች ሰዎችን ላይብረሪ ስትመርጡ «ስትሪንግን በባይት ቁጥር ይቆርጣል ወይ?» ብላችሁ ኮዱን ፈትሹ።

ቃላቱን ለመለየት ስታንዳርድ ላይብረሪው «ስፕሊት ዋይትስፔስ» የሚባል አለው። ክፍት ቦታን ይለያል፣ ሁለት ነጥባችንን (፡) ግን አይለይም፤ በዩኒኮድ እንደ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ እንደ ክፍት ቦታ የተመዘገበ አይደለምና። ስለዚህ የራሳችሁን መለያ ለ«ስፕሊት» በክሎዠር ስጡት፦ ፊደሉ ክፍት ቦታ ከሆነ ወይም ከ፡ ። ፣ ፤ ፥ ፦ አንዱ ከሆነ ቁረጥ። አራት ነጥብን ክፍት ቦታ ሲከተለው በመካከላቸው ባዶ ቃል ይፈጠራል፤ በፊልተር መጣል አለበት።

እዚህ ድረስ ሜሞሪ ብዙም አላስጨነቀንም። ቆጠራው ሲጀመር ያስጨንቃል።

ራስት ውስጥ አንድ ስትሪንግ በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ስታክ (ፋንክሽኑ ሲያልቅ የሚለቀቅ ሜሞሪ) ውስጥ 24 ባይት ይይዛል፦ ፊደሎቹ ሂፕ (መጠኑ በሥራ ላይ የሚወሰን ዳታ የሚቀመጥበት ሜሞሪ) ላይ የት እንዳሉ የሚያሳይ ፖይንተር፣ ርዝመት፣ የተያዘለት ቦታ መጠን። አንዱን ስትሪንግ ለሌላ ስም ስትሰጡ የሚገለበጠው ይህ 24 ባይት ብቻ ነው፤ ሂፕ ላይ ያለው ጽሑፍ አይነካም። ሁለቱም ስሞች በሥራ ላይ ቢቆዩ ኖሮ ሁለቱም ሲያበቁ ያንኑ ሜሞሪ ሁለት ጊዜ ያስለቅቁት ነበር። ስለዚህ ባለቤትነቱ እንደ ቤት ሽያጭ ስም ይዛወራል፤ ስሙን ያዛወረ ሰው ያንን ቤት ዳግመኛ ሊሸጥ አይችልም። የቀድሞውን ስም ብትጠቀሙ ኢ0382 የሚባለውን ስሕተት ታገኛላችሁ። ከጃቫስክሪፕት የሚመጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚገጥመው ቁጥር እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ስትሪንግ ለፋንክሽን ሰጥቶ ከዚያ በኋላ ሊያትመው ሲሞክር።

መፍትሔው መዋስ ነው። ፋንክሽኑ ማየት ብቻ ከፈለገ ስትሪንጉን ሳይሆን ማጣቀሻውን ይቀበል። ደንቡ አጭር ነው፦ በአንድ ጊዜ ወይ የፈለጉትን ያህል ተመልካቾች፣ ወይ አንድ ብቻ የሚያሻሽል፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም። ለምን? ጃቫስክሪፕት ውስጥ አንድን አሬይ በ«ፎር ኦፍ» እየዞራችሁ በዚያው ውስጥ «ፑሽ» ብታደርጉ ዙሩ አያልቅም። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ይብሳል፤ ዝርዝሩ ቦታ ሲጠበው ወደ ሌላ ሜሞሪ ይዛወርና ዙሩ የተለቀቀ ቦታ ያነባል። ራስት ይህን ኢ0502 ብሎ ሳያስኬደው ያቆመዋል። ሪአክት ውስጥ ስቴትን በቦታው አለማሻሻልን የለመደ ሰው የዚህ ደንብ ግማሹ ቀድሞ ገብቶታል ማለት ይቻላል።

ወደ ቆጠራችን። ቃላቱን የምናስቀምጠው ቁልፍና ዋጋ አጣምሮ በሚይዘው በሃሽማፕ ነው። መጀመሪያ ቁልፎቹ ከፋይሉ ጽሑፍ የተዋሱ ቁርጥራጮች ይሁኑ፤ አዲስ ሜሞሪ አይያዝም፣ ጽሑፉ እስካለ ድረስ ይሠራል። ጽሑፉ ከሃሽማፑ በፊት እንዲያበቃ ካደረጋችሁ ኮምፓይለሩ ይከለክላችኋል። የማሳደጊያው መስመር ላይ «ኤንትሪ»፣ «ኦር ኢንሰርት» ዜሮ፣ ከዚያ አንድ መጨመር ነው፤ ከፊቱ ኮከብ ምልክቱን መርሳት የተለመደ ነው፣ የምትጨምሩት ማጣቀሻው ላይ ሳይሆን ማጣቀሻው በሚያሳየው ቁጥር ላይ ስለሆነ።

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር፦ የጃቫስክሪፕት ማፕ ያስገባችሁበትን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፣ የራስት ሃሽማፕ ግን ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ሌላ ቅደም ተከተል ይሰጣል። ስሕተት አይደለም። ውጤቱን ወደ ቬክተር (እንደ አሬይ ያለ ዝርዝር) ሰብስቦ በብዛቱ መደርደር ነው።

አሁን ሞክሼ ፊደላቱን እናዋሕድ። ፋንክሽኑ አንድ ፊደል ተቀብሎ አንድ ፊደል ይመልሳል። ማች ውስጥ ከ«ሐ» እስከ «ሖ» የሚል ክልል በራሱ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። የዩኒኮድ ሰንጠረዡ ውስጥ ሰባቱ ቅርጾች በተርታ ስለተቀመጡ ሥራው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፦ ከሐ ቤት ላይ 16፣ ከኀ ቤት ላይ 128 ብትቀንሱ ሀ ቤት ትደርሳላችሁ፤ ሠ ላይ 16 ብትጨምሩ ሰ ይሆናል፤ ከዐ ላይ 48 ሲቀነስ አ፣ ከፀ ላይ 8 ሲቀነስ ጸ። የተገኘውን ቁጥር ወደ ፊደል የሚመልሰው ፋንክሽን ኦፕሽን ይሰጣችኋል፣ ሁሉም ቁጥር ፊደል አይደለምና። ባይሆን ዋናውን ፊደል መልስ ብትሉ በቂ ነው።

ቴስቱን ጻፉ። «ፀሐይ» «ጸሀይ» ይሆናል፣ ያልፋል። «ዓለም»ን ግን «አለም» ይሆናል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ይወድቃል። ዓ ራብዕ ስለሆነ 48 ሲቀነስ የሚመጣው «ኣ» ነው፣ ሰው ደግሞ የሚጽፈው «አ» ነው። ስለዚህ ሀ ቤትና አ ቤት ላይ ራብዑን ወደ ግዕዙ የሚያመጣ ተጨማሪ ደንብ ያስፈልጋል፦ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ደንቡ ከመቀነሱ በኋላ ካልመጣ ሓ እና ዓ ያመልጣሉ።

ይህን ፋንክሽን ቆጠራው ውስጥ ስትጨምሩ ስለ ዳታ ዕድሜ የሚነገረው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ግልጽ ይሆናል። የተዋሐደው ቃል ከፋይሉ የተቆረጠ አይደለም፤ በዙሩ ውስጥ የተፈጠረ አዲስ ስትሪንግ ነው፣ ዙሩ ሲያልቅም ይጠፋል። የእሱን ማጣቀሻ ሃሽማፑ ውስጥ ብታስቀምጡ ኢ0597 ይመጣል፤ የተዋሳችሁት ነገር የሚበቃውን ያህል አይቆይም ማለቱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የላይፍታይም (የዕድሜ) ምልክቶችን በዘፈቀደ መለጠፍ ይጀምራል። ምልክት ዕድሜ አያረዝምም፤ ያለውን ዕድሜ ይገልጻል እንጂ። ትክክለኛው መልስ ሃሽማፑ የስትሪንጎቹ ባለቤት እንዲሆን ቁልፉን ከተዋሰ ቁራጭ ወደ ስትሪንግ መቀየር ነው። በዚህ ደረጃ «ክሎን» ማድረግም ነውር የለውም። መጀመሪያ ይሥራ፤ የቱ ክሎን እንደማያስፈልግ ኋላ ይለያል።

አንድ የቁጥር ነገርም ጣል እናድርግ። የዝርዝር ርዝመት ከዜሮ በታች የማይወርድ ዓይነት ነው። ባዶ ዝርዝር ላይ ርዝመት ሲቀነስ 1 ብትሉ በመደበኛው ግንባታ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ በሪሊዝ ግንባታ (ለተጠቃሚ በሚዘጋጀው) ግን ቁጥሩ ዞሮ 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናል። የመጨረሻውን አባል ለማግኘት «ላስት» የሚለውን ተጠቀሙ፤ ኦፕሽን ይመልሳል።

ይህ ፕሮግራም ሲያልቅ የሚመጣው ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ዶም የሚመስል ዛፍ ለመሥራት መሞከር ነው፦ ወላጅ ልጁን፣ ልጅ ወላጁን የሚያሳይበት። በራስት ይህ ቀጥተኛ አይደለም፣ ሁለቱ እርስ በርስ ባለቤት ሊሆኑ አይችሉም። የጋራ ባለቤትነት የሚፈቅደው አርሲና የተጋራ ዳታ ማሻሻል የሚፈቅደው ሬፍሴል ያስኬዳሉ፤ ነገር ግን የመዋስ ደንቡን ምርመራ ፕሮግራሙ ወደሚሮጥበት ሰዓት ያሻግሩታል፣ ስትሳሳቱም እዚያው ይቆማል። ሁሉንም ኖዶች በአንድ ቬክተር አስቀምጦ ዝምድናቸውን በኢንዴክስ ቁጥር መያዝ በጣም የተሻለ መንገድ ነው። አሲንክን ደግሞ ለጊዜው ተዉት። የጃቫስክሪፕት ፕሮሚስ እንደተፈጠረ ሥራውን ይጀምራል፤ የራስት ፊውቸር እስኪጠበቅ ድረስ ምንም አይሠራም፣ እሱን የሚያስኬድ እንደ ቶኪዮ ያለ ራንታይምም ራሳችሁ ማምጣት አለባችሁ።

አሁን ወደ ብራውዘሩ መመለስ ይቻላል። ያ ፊደል የሚያዋሕደው ፋንክሽን ለስም መፈለጊያ ሳጥን ይሆናል፦ ተጠቃሚው «ሀይሉ» ቢጽፍም «ኃይሉ» ይገኝለታል። የፕሮጀክቱ ማዋቀሪያ ፋይል በሆነው በካርጎ ቶምል ውስጥ የላይብረሪውን ዓይነት «ሲዲሊብ» በሉት፤ ይህን የረሳ ሰው ኮዱን ወደ ዌብአሴምብሊ የሚያዘጋጀው ዋዝም-ፓክ ገና ከመነሻው ያቆመዋል። ዋዝም-ባይንድጀን ከጃቫስክሪፕት ጋር የሚያገናኘውን ኮድ ይጽፍላችኋል።

ፍጥነት ግን በራሱ አይመጣም። ዌብአሴምብሊ የራሱ ሜሞሪ አለው፤ የጃቫስክሪፕት ስትሪንግ ወደዚያ ሲገባ ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀይሮ ይገለበጣል፣ ሲወጣም እንደዚያው። በስሞች ዝርዝር ላይ እየዞራችሁ ለእያንዳንዱ ስም ራስትን ብትጠሩ ቅጂው ብቻ ትርፉን ይበላዋል። ዝርዝሩን አንድ ጊዜ አስገብታችሁ፣ ተዋሕዶ ራስቱ ዘንድ በአንድ ስትራክት (የራሱ መስኮች ባሉት ዓይነት) ውስጥ ይቆይ። ተጠቃሚው ቁልፍ በነካ ቁጥር የሚያልፈው የፈለገው ቃል፣ የሚመለሰውም የተገኙት ቁጥሮች ብቻ ይሁኑ። ስትለኩም በሪሊዝ የተሠራውን ለኩ፤ በመደበኛው ግንባታ የተለካ ራስት ከጃቫስክሪፕቱ ቢዘገይ አይገርምም።

ያ ስትራክት ጃቫስክሪፕት ዘንድ እንደ ተራ ኦብጀክት ይታያል፣ ሜሞሪው ግን በዌብአሴምብሊ በኩል ነው። ሲያበቃ «ፍሪ» ማለት አለባችሁ፤ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ መቼ እንደሚደርስበት አይታወቅም። ሪአክት ውስጥ ቦታው የዩዝኢፌክት ማጽጃ ነው። ኦብጀክቱን ከኢፌክቱ ውጭ ፈጥራችሁ ማጽጃው ውስጥ ፍሪ ካላችሁት ግን በዴቨሎፕመንት ብቻ «ነል ፖይንተር ፓስድ ቱ ራስት» የሚል ስሕተት ታያላችሁ፤ ስትሪክት ሞድ ኢፌክቱን አስነሥቶ፣ አጽድቶ፣ እንደገና ስለሚያስነሣው በሁለተኛው ዙር የተለቀቀውን ኦብጀክት ትነካላችሁ። ኦብጀክቱ የሚፈጠረውም የሚለቀቀውም በዚያው በአንድ ኢፌክት ውስጥ ይሁን።